በጊደር የተለወጠች ሸክላ

ልብስ ሰፊው በላቸው ጠጅ አይጠጣም፣ ካርታ አይጫወትም፣ ሴት አያሳድድም። የወረታ ሰው «ታዲያ ይኼ ሰው ምን ጎደለው?» ሲል፣ እግዜር ሁሉን አሟልቶ አይሰጥምና የዘፈን ሸክላ ፍቅር ሰጠው። ያውም ቡና ቤቱ ሁሉ የሚያዘፍነውን ጥቁሩን ሸክላ አይደለም። የእሱዎቹ ከዳር እስከ ዳር ሥዕል የታተመባቸው ናቸው፤ አንዱ ላይ ባቡር፣ አንዱ ላይ ጀልባ፣ አንዱ ላይ ጸጉሯን የለቀቀች ዘፋኝ። የሚያመጡለት የጭነት መኪና ሾፌሮች ናቸው፤ እሱም በምትኩ ሱሪያቸውን ይጥፋል፣ ኮታቸውን ይገለብጣል። ሱቁ ግድግዳ ላይ ይሰቅላቸዋል እንጂ አንዱንም አያዘፍንም፤ መርፌው ሥዕሉን ይቧጥጥብኛል ብሎ ይሰጋል። የቀበሌው ካድሬ በዚያ ሲያልፍ በላቸው ዘፋኟን ገልብጦ ይሰቅላታል። ችግሩ፣ በጀርባ በኩል ያለችው ዘፋኝ ቀሚስ ከፊተኛይቱ የባሰ አጭር መሆኑ ነው።

ሚስቱ ትሁን በዚህ ሁሉ ትስቅበት ነበር እንጂ ተቆጥታው አታውቅም፤ እስከ ሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ክረምት ድረስ።

በዚያ ክረምት እህቷ ወለደችና አራስ ልትጠይቅ አንበሳሜ ሄደች። እሷ በሌለችበት ሾፌር ማረው አንዲት ሸክላ ይዞ መጣ። ሸክላዋ ላይ ለምለም ሣር ውስጥ የቆመች ላም አለች፤ ጥቁርና ነጭ ቡሬ፣ ግንባሯ ቦቃ። በላቸው ገና ሲያያት ልቡ ቀለጠ። ፎገራ ተወልዶ ላም ሲያይ ልቡ የማይቀልጥ ማን አለ? ማረው ግን በዚህችኛዋ ሱሪ በመጠገን አልተመለሰም፤ ዓይኑ ያረፈው ደጅ ላይ ከታሰረችው ጊደር ላይ ነው። ጊደሯን ለትሁን የሰጧት አባቷ ናቸው። ጥጃ ሳለች እናቷን ጎርፍ ከወሰደባት ጀምሮ ትሁን በእጇ ወተት እያጠጣች ያሳደገቻት ናት። በላቸው ይህን ሁሉ ያውቃል። ያም ሆኖ ጊደሯ መኪናው ላይ ስትወጣ እሱ ሸክላዋን ወደ ብርሃን እያገላበጠ ነበር።

ትሁን ስትመለስ ባዶ ገመድ ጠበቃት። ጉደኛው ባሏም እንደ ምሥራች ነጋሪ ሸክላዋን በሁለት እጁ አቀረበላት።

«አያት እስቲ! ይቺ አታረጅ፣ ድርቆሽ አትፈልግ!»

ትሁን ነጠላዋን ደርባ ቁሐር ሚካኤል፣ አባቷ ቤት ገባች። የወረታ ሰውም «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያለ በሱቁ ደጅ መመላለስ ያዘ።

በላቸው ከሳ። የሸሚዝ ቁልፍ በጀርባ በኩል እስከ መትከል ደረሰ። እወዳታለሁ ብሎ የማያውቅ ሰው፣ ቤቱ ያለ እሷ ቤት እንዳልሆነ ገባው። የነፍስ አባቱን አባ ተክለ ሃይማኖትን ለሽምግልና ላከ። አማቱ አቶ አለኸኝ የመለሱት ግን አንድ ቃል ነው፦

«ያቺን በጊደሯ የለወጣትን ላም ይዞ ይምጣ።»

ሜዳው ውሃ ተኝቶበታል። በላቸው ሸክላዋን በጋቢ ጠቅልሎ በራሱ ተሸክሞ፣ አባ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እስከ ጉልበታቸው እየገቡ ተሻገሩ። እነ አለኸኝ ቤት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ጋቢው ተፈታ። አለኸኝ ሊቆጡ የተዘጋጁት ቁጣ አፋቸው ላይ ቀረ።

«ሻኛዋስ?»

«ያገሯ ላም ሻኛ የላትም መሰለኝ፣ አባባ።»

«ግቷን እዩልኝ እናንተ! ይቺስ ሁለት ማለቢያ ሞልታም አትደርቅ!»

ሸክላዋ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። አባ ሳይቀሩ «ጅራቷ አጠረ እንጂ ሸጋ ነበረች» አሉ። በመጨረሻ አለኸኝ ጉሮሯቸውን ጠርገው ፈረዱ።

«በላም የተሳሳተ ሰው፣ ሰው አልገደለም። ከአጨዳ በኋላ ጊደር ይተካ፤ ልጄም ወደ ቤቷ ትመለስ።»

አባ ሊባርኩ መስቀላቸውን ሲያነሱ ትሁን ከጓዳ ወጣች።

«ይቆዩ፣ አባ። ጊደሯ የማን ነበረች?»

ይህን ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

«ምነው እስክመጣ ብትጠብቀኝ?»

«አንቺ ካለሽ እምቢ ትያለሽ» አለ በላቸው መሬት መሬት እያየ። «እምቢ ካልሽኝ ደግሞ እኔ አልችልሽም።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ትሁን አልሳቀችም።

«እንግዲያው ልስማት። ጊደሬን የበላችው ሸክላ ምን እንደምትል ልስማና፣ መመለሴንም መቅረቴንም ያኔ እነግራችኋለሁ።»

መርፌው ትዝ ያለው በላቸው ሸክላዋን መልሶ በጋቢው ጠቀለላት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ባልና ሚስቱ ወረታ ገቡ። ትሁን ነጠላዋን እንደ ደረበች፣ እንደ እንግዳ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። እሱ ለጌጥ ያስቀመጠው ማጫወቻ ውስጥ የባትሪ ድንጋይ ከተተ፣ ላሚቱን አስተኛት፣ ሥዕሏን በጣቱ ዳሰስ አድርጎ መርፌውን አወረደ። ሸክላዋ እንደሚቆላ ቆሎ ተንጣጣች፤ ከዚያ አንድ ሰው በማያውቁት ቋንቋ በቀጭኑ ይዘፍን ጀመር። መርፌው ላሚቱ ሆድ ላይ ሲደርስ በላቸው የራሱን ሆድ ያዘ። ትሁን ሸክላዋን አላየችም፤ ስታይ የነበረው እሱን ነው።

ዘፈኑ አለቀ።

«ይኸ ነው?»

«ይኸ ነው።»

«የፍየል ድምፅ እኮ ነው!»

«እኔም ገና አሁን መስማቴ ነው።»

ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። «የኔ ጊደር ትሻል ነበር» አለች።

«ትሻል ነበር» አለ በላቸው። ያደረገው ነገር የገባው ያኔ ነው። «እንደ ልጅ አሳድገሻት፣ ሳልጠይቅሽ ሰጠኋት» አለና እሱም አለቀሰ።

ትሁን ዓይኗን ጠረገች።

«ድገመው» አለችው።

በላቸው ሸክላዋ ተቧጠጠች አልተቧጠጠች ብሎ እንኳ ሳያይ መርፌውን አንስቶ ከመጀመሪያው አስቀመጠው። ያኔ ትሁንም ነጠላዋን አውልቃ አጣጥፋ አስቀመጠች።

«ከአጨዳ በኋላ ጊደሯን የምመርጣት እኔ ነኝ» አለች። «አንተ መልክ እንጂ ላም አታውቅም።»