የተዛነቀው ካልሲ

ሹራብ ሠሪዋን የጦር ቢሮው ሰዎች «ሙጫ» ይሏታል። ታናሽ ወንድሟ ጦር ሜዳ ሄዶ የገባበት ከጠፋ ጀምሮ በራፋቸው ላይ ተጣብቃ ቀርታለች።

«እትዬ፣ ሞቷል የሚል ወረቀት እንስጥሽና ይውጣልሽ» አላት ጸሐፊው።

«እናቴ ሞታ ያሳደግሁት ልጅ ነው፣ ወረቀት አላሳደግሁም! ሞቶም ከሆነ ዓይኑን የከደነለት ማን ነው? እሱን ንገረኝ።»

ባሏ «በቃሽ» ሲላት «ሲበቃኝ እነግርሃለሁ» ትለዋለች። ምርኮኛ ተፈታ ሲባል ሮጣ የእያንዳንዱን ፊት ታያለች። ዓመታት እንዲህ ሄዱ።

በመጨረሻ አንድ የጦር ሾፌር፣ ግንባር አጠገብ የነበረ ሐኪም ቤት ውስጥ ቁስለኛ ታስታምም ስለነበረች አንዲት ልብስ አጣቢ ነገራት። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፈረች።

አጣቢዋን ጓሮዋ ውስጥ አንሶላ ስትጨምቅ አገኘቻት።

«ወንድሜ ግራ እግሩ በልጅነቱ ተሰብሮ ትንሽ ሆኖ ቀርቷል። ካልሲውን አንዱን ትልቅ፣ አንዱን ትንሽ አድርጌ ነበር የምሠራለት» አለቻት።

አጣቢዋ አንሶላውን ለቀቀችው።

«አንቺ ነሻ! ካልሲ አዛነቅሁ ብዬ ስንቱን አልጋ አሳሰስሽኝ! አጣቢ ካልሲ ካዛነቀች ስሟ ጠፋ አይደል? የሰዉን እግር ሁሉ ስገልጥ እሱ ዝም ብሎ ያየኛል። ሲደክመኝ፣ ‹እማማ፣ የኔ ነው፤ እህቴ እንዲህ ነው የምትሠራው› ብሎ ሳቀ። ቁስሉን ይዞ ሳቀ!»

ሙጫ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ልጄ ሆነ። የመጨረሻው ቀን እጄን እንደያዘ ነው ያረፈው። ዓይኑን በዚህ እጄ ከደንኩለት። ሐኪም ቤቱ ሲቃጠል ወረቀቱ ሁሉ ነደደ፤ እኔም አገሩን ሳልጠይቀው አመለጠኝ።»

ከግቢው ጀርባ፣ ዛፍ ሥር ወሰደቻት። መቃብሩ ዙሪያውን በድንጋይ ተከቧል፤ አረም አልነካውም። ሙጫ የዘመናት እንባዋን አወጣችው። ስትጨርስ የአጣቢዋን እጅ፣ ሳሙና የበላውን፣ መዳፉንም ጀርባውንም ሳመችው።

«ኧረ ተይ!»

«አልተውም። ብቻውን አልነበረም። ተመስገን! አንቺንም ያቆይልኝ።»

ሲመለሱ ሙጫ እጅጌዋን ሰብስባ የአንሶላውን ጫፍ ያዘች።

«እንግዳ አይደለሽ? ቁጭ በይ እንጂ» አለች አጣቢዋ።

«እሱን ልጅሽ አድርገሽ እኔን እንግዳ ልታደርጊኝ? ያዥ ወዲያ፣ እንጭመቀው!»