ውሃ የማያሸክም ጓሮ

እኔ ሣር ጠልቼ አይደለም። ይህን የምለው መንደሩ «ሴትዮዋ አበደች» ብሎ ስላወራብኝ ነው። ሣሩን የነቀልኩት ባሌ እግሩ ደንዝዞ አልጋ ላይ እንዳይቀርብኝ ብዬ ነው። በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ክሬን ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሰፈሩ «ክሬኑ» ይለዋል። ጡረታ ወጥቶም ማንሳት አልተወም። ቧንቧችን ያለው በሩ አጠገብ ነው፣ ሣሩ ደግሞ ጓሮ። ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ብቻ ነው፤ ያውም ሲያሰኘው። እሱም በሁለት እጁ ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ጄሪካን አንጠልጥሎ ይመላለሳል። ልጃችን ዳዴ ያለችው በዚያ ሣር ላይ ስለሆነ፣ ሲገረጣ ማየት አይችልም። ልጅቷ ዛሬ የራሷን ልጆች አሳድጋለች፤ እሱ ግን ያው ነው።

ሐኪሙ የወገቡ ዲስክ መንሸራተቱን በፎቶ አሳየንና፣ «አባቴ፣ ከእንግዲህ ከባድ ነገር ካነሱ እግርዎ አልታዘዝ ሊልዎት ይችላል» አለው። በጆሮዬ ነው የሰማሁት። «እሺ ዶክተር» አለ የኔ ጉድ። በማግስቱ ማክሰኞ ነበር። ጄሪካኖቹን ይዞ በመስኮቱ ሥር ሲያልፍ አየሁትና ደሜ ፈላ።

«አንተ ሰውዬ፣ ለሐኪሙ ምን ብለህ ነበር?»

«ግማሽ ግማሽ ነው የሞላኋቸው።»

«ወገብህንስ ግማሹን ብቻ ነው የምትሰብረው?»

ዶማዬን አነሳሁ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ችግኝ ጣቢያ የሠራሁ ሴት ነኝ፤ የትኛው ተክል በየቀኑ ውሃ እንደሚለምን፣ የትኛው ኮርቶ እንደሚኖር አውቃለሁ። የመጀመሪያውን ቁራጭ ሣር ገልብጬ ሳሳየው ፊቱ ልውጥ አለ። ተጨቃጨቅን፣ ተኮራረፍን፣ በመጨረሻ ተስማማን። በጋው እስኪያልቅ ድረስ ከተከልኩት ግማሹ ከሞተ ሣሩ ይመለሳል፤ እኔም ስለ ጄሪካን ሁለተኛ ትንፍሽ አልልም። እሺ አልኩ።

ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጀ። አንድ የቀን ሠራተኛ ይዤ ሣሩን ከነሥሩ አነሳን። ዝናብ ሲመጣ ውሃው ሮጦ እንዳይሄድ ጎድጎድ ያሉ ቦዮች በአግድም አወጣን፤ አረም እንዳይወጣ አሮጌ ካርቶን አንጥፈን በላዩ ጠጠር አለበስነው። ከዚያ አርባ ተክል ተከልን፤ እሬት፣ ቃጫ፣ ቁልቋል፣ አብዛኛው እሬት። ባሌ ማንሳት ስለተከለከለ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ በድሮ ሥራው ለእሱ ይሰጡት እንደነበረው በእጁ ምልክት ይሰጠናል። ወደ ግራ፣ ቀስ፣ አውርድ፣ በቃ! እየተናደደም ቢሆን መስመሩን ቀጥ አድርጎ አስተከለን።

ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ከአጥሩ በላይ አንገቱን አሰገገ።

«እትዬ፣ ግቢውን የድንጋይ ካባ አደረጉት እንዴ? ገልባጭ መኪናው መቼ ነው የሚገባው?»

«አንተ ሰው መላጨትህን ቀጥል፤ የኔን ጓሮ ለኔ ተወው።»

«መላጨቱንማ ቀደሙኝ እኮ!» ብሎ ተንከተከተ።

በጋው በገባ በሁለተኛው ወር እሬቶቼ መገርጣት ጀመሩ። ቅጠላቸው ላላ፤ ጣት ሲነካው እንደበሰለ ሙዝ ይሰረጉዳል። ቆጠርኩ፤ ከአርባው አሥራ ስምንቱ። ሁለት ቢጨመር ግማሽ ሊሆን! በሩ ሥር የተደረደሩትን ጄሪካኖች ባየሁ ቁጥር ሐኪሙ ያለው ይመጣብኛል። አንዱን እሬት ነቅዬ ሳየው ሥሩ በስብሷል፣ አፈሩ ጭቃ ነው። ዝናብ ጠብ ካላለ ሁለት ወር አልፎታል፤ ታዲያ ጭቃው ከየት መጣ?

በማግስቱ ጠዋት ከጓሮው በር ኋላ ተደብቄ ቆምኩ። ክሬኑ ብቅ አለ። ፒጃማውን እንደለበሰ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያዬን ይዞ፣ ከአንዱ እሬት ወደ ሌላው እየዞረ ጥቂት ጥቂት ያጠጣል። ደግሞ ያናግራቸዋል! «አይዟችሁ፣ እሷ ጨካኝ ናት» ሲል ሰማሁት።

«ኧረ ጉድ! ለካ አንተ ነህ የምትገድላቸው!» ብዬ ወጣሁ።

ክው አለ። «እኔ እየጠጣሁ እነሱ ሲጠሙ ዝም ብዬ ልይ? ደግሞ ማንቆርቆሪያ ነው፤ ሐኪሙ ስለ ማንቆርቆሪያ ምንም አላለም።»

«እሬት እኮ ውሃውን ቅጠሉ ውስጥ አስቀምጦ ነው የሚኖረው! የገረጡት በጥም አይደለም፤ አንተ በውሃ አስጥመሃቸው ነው።»

የበሰበሰውን ሥር ሰጠሁት። ተቀብሎ አገላብጦ አየው።

«ስንት ሞተ?»

«አሥራ ስምንት።»

«ሁለት ቢጨመር ሣሬ ይመለሳል ማለት ነው» አለ።

ሆኖም ማንቆርቆሪያውን አቀበለኝ። «በይ ደብቂልኝ። እጄ ላይ ካለ አላስችል ይለኛል።»

እንባዬ መጣ፤ ግን ለልቅሶ ጊዜ አልነበረኝም። የበሰበሰውን እየቆረጥኩ ጣልኩ፤ ከየእሬቱ የተረፈውን ጤነኛ ጫፍ በረንዳው ጥላ ላይ ደረደርኩ። የተቆረጠበት እስኪደርቅ ስምንት ቀን ሙሉ ያለ አፈር፣ ያለ ውሃ። ባሌ እንደ በሽተኛ ጠያቂ በየሰዓቱ እየመጣ አናታቸው ላይ ይቆማል፤ እጁን ግን ከኋላው አጣምሯል። ከዚያ በደረቅ አፈር መልሰን ተከልናቸው። ማንቆርቆሪያው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት፤ ሻይ በድስት ስናፈላ ከረምን።

በበጋው መጨረሻ ወር ቧንቧው ሦስት ሳምንት ጭራሽ ጠፋ። የሰፈሩ ሣር ሁሉ ገለባ ሆነ። የኛ ጓሮ ግን፣ እሰይ! ያልታመሙት እሬቶች ቀይ አበባቸውን ቀጥ አድርገው አወጡ፤ ንቡ ይተራመሳል፤ ወፉ ይንጫጫል። እንደገና የተከልናቸውን ነቅነቅ ባደርጋቸው ሥር ይዘው አልነቀል አሉኝ። ከአርባው ሠላሳ ሰባቱ በሕይወት አሉ! «አሸነፍኩ!» ብዬ ጮህኩ፤ ማን ቢሰማኝ ምን ገዶኝ? በዚያው ሳምንት ሐኪሙ ባሌን አስረምዶ አይቶ፣ «ጎበዝ፣ በዚሁ ይቀጥሉ» አለው።

ፀጉር አስተካካዩ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ፤ ዛሬ አይስቅም።

«ጋሼ፣ ከዚህ ነገር ትንሽ ቢሰጡኝ? የኔ ጓሮ እኮ አለቀለት።»

ክሬኑ ሦስት ቁራጭ አቀበለውና ጣቱን ቀሰረበት። «ስምንት ቀን ጥላ ላይ ታደርቃለህ። ከዚያ ትተክላለህ። ከዚያ እጅህን ኪስህ ትከታለህ! አሳዝነውህ ውሃ ደፋህባቸው ማለት ገደልካቸው ማለት ነው። ቤትህ ማንቆርቆሪያ አለ?»

«አለ፣ ጋሼ።»

«ለሚስትህ ስጣት፣ ትቆልፍበት።»

ሳቄ እንዳያመልጠኝ የነጠላዬን ጫፍ ነከስኩ።

ማክሰኞ ውሃ መጣ። ቧንቧው ሲንፎለፎል ሰምቼ ቀና ስል፣ ባሌ ጄሪካን ይዞ ወደ ጓሮ ሲያልፍ በመስኮቱ አየሁት። ሮጬ ወጣሁ። ጄሪካኑ ባዶ ነው። ጠጠሩ ላይ፣ ከአበቦቹ ፊት ለፊት በጎኑ አጋደመውና ተቀመጠበት፤ እግሩን ዘርግቶ።

«ምን ቆመሻል?» አለኝ። «ሌላኛውን ጄሪካን አምጪና ተቀመጪ እንጂ።»

አመጣሁ።