አበልጄ፣ ምን ልስጥዎት?

ዶኛ ካንዲዳ ፊቴ ተንበረከኩ። እኔ ፊት እኮ ነው። አስራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ የለበስኩት ጥቁር ቀሚስ የእናቴ ስለሆነ ወገቡ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፣ ጥፍሬ ላይ ግማሹ የተላጠ ሮዝ ቀለም አለ። እሳቸው ደግሞ ሰባ ምናምን ዓመታቸው ነው፣ በክብር «ዶኛ» የሚባሉ፣ ገበያ ውስጥ ሲያልፉ ጋሪ ገፊዎቹ ሳይቀሩ መንገድ የሚለቁላቸው ሴትዮ ናቸው። ተንበርክከው እጄን ያዙና ሰው ሁሉ እየሰማ «አበልጄ፣ ምን ልስጥዎት?» አሉኝ።

እኔም ጠየቅኳቸው። በቃ ከአፌ ወጣ። «ሶይላን ይስጡኝ» አልኩ።

ይኸው ዋናውን ነገር ነገርኳችሁ። መጨረሻ ላይ ላደርገው ነበር፣ ግን እኔ ነገር መያዝ አልችልም። አሁን ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

የሞተው ናቦር ነው። የሶይላ ወንድም፣ የዶኛ ካንዲዳ የልጅ ልጅ፣ አስራ ሦስት ዓመቱ ነበር። እኔ ደግሞ የክርስትና እናቱ ነኝ፣ አትሳቁ። እኛ ጋ ሰው ሲሞት ሬሳው ባረፈበት ወለል ላይ በነጭ ኖራ መስቀል ይሠራል፣ ዙሪያውን አበባ ይነሰነስበታል፣ ዘጠኝ ምሽት እዚያው መቁጠሪያ ይደገማል። በመጨረሻው ምሽት መስቀሉን ከወለሉ ጠርጋ የምታነሳው የክርስትና እናት ናት። ስትጨርስ የቤቱ ባለቤት ተንበርክኮ «ምን ልስጥዎት» ይላታል፣ እሷም «ምርቃትዎ ይበቃኛል» ትላለች። ወግ ነው፣ ማንም ከዚያ ውጪ ብሎ አያውቅም። ግን መስቀል ያነሳችልህ አበልጅ አንድ ነገር ከጠየቀች እምቢ ማለት የለም።

ሬሳውን ከቤታንያ በሲስተር ኢልዳ ፒካፕ ነው ያመጣነው። ቤታንያ ከተማው ዳር ያለ የመነኮሳት ቤት ነው፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ልጆች ያድጉበታል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። አንሶላ አጥባለሁ፣ ጸጉር እሠራለሁ፣ ራሴ የወደቅኩትን ሒሳብ አስጠናለሁ። ለምን እንደጀመርኩ እውነቱን ልንገራችሁ? ኡሊሴስ የሚባል ጊታር የሚጫወት ልጅ ስለሚሄድ ነው። እሱ ጥቂት ቅዳሜ መጣና ጠፋ። እኔ እዚያው ቀረሁ፣ ምክንያቱም በዚያን ጊዜ ናቦር ይዞኝ ነበር።

ናቦርን ብታውቁት! አውቶቡስ ላይ ረዳት መሆን ነበር ህልሙ። ሹፌር አይደለም፣ ረዳት፣ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጮኸው። የምግብ አዳራሹ በር ላይ ቆሞ «ሾርባ፣ ሾርባ፣ ቀጥታ ሾርባ፣ ሁለት ሰው የቀረው!» ብሎ ሕፃናቱን ያሳፍራቸው ነበር። እኛ ጋ ልጅ መጀመሪያ ሲቆርብም ክርስትና እናት ትቆምለታለች። በናቦር ቀን ትሆነዋለች የተባለችው ሴትዮ ሳትመጣ ቀረች። ሲስተር ኢልዳ «ማን ይቆምለት?» ሲሉ ሳላስበው እጄን አወጣሁ። ናቦር ከላይ እስከ ታች አየኝና «ይቺ ራሷ አሳዳጊ የሚያስፈልጋት ናት» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ዶኛ ካንዲዳ እኔን አንቱ ይሉኛል። ሲቆጡኝም በአንቱ ነው።

ሐዘኑ ቤት ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጥሯል፣ የላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፣ ያ የእኛ ነፋስ ሸራውን ሲያማታው ጸሎቱ አይሰማም። ጎረቤቱ የሚያውቀው ናቦርና ሶይላ መነኮሳት ጋ አዳሪ ትምህርት ቤት እንደሚማሩ ነው። የሞተው ደግሞ በሳንባ ነው ተብሏል። በሳንባ መሞቱ እንኳን ውሸት አይደለም።

ጓዳ ውስጥ ለሐዘንተኛው ታማሌ፣ ሥጋ የገባበት የበቆሎ ሊጥ፣ በሙዝ ቅጠል እየጠቀለልን ነው።

«ሳንባ ነው አሉ?» አለች አንዷ።

«እናቱም ሳንባ ነበር የተባለችው።»

«አባቱስ?»

«እሱ ለሥራ ከሄደበት ከሰሜን ሲመለስ ነው ከስቶ የመጣው። እሱን እንኳን ሳንባ ያለው የለም።»

«ሐዘን ቤት ነው ያላችሁት» አሉ ጸሎት የሚመሩት ዶኛ ኦቲሊያ። ከዚያ ራሳቸው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ከሟች ጋር ነው የምትማሪው?»

«አዎ፣ ዶኛ ኦቲሊያ።»

«እሱ ስንተኛ ክፍል ነበር?»

«ስድስተኛ።»

«አንቺስ?»

«አስረኛ።»

«ትልቅ ትምህርት ቤት ነው በይኛ» አሉና አንድ ታማሌ ይዘው ወጡ። ቅጠሉን ግን አልፈቱትም። ወንበራቸው ሥር አስቀመጡት። ከዚያ ሳይ፣ ብዙ ወንበር ሥር ያልተፈታ ታማሌ አለ።

ይሄ ቀልድ አይደለም። ዶኛ ካንዲዳ የሚኖሩት ቶቶፖ ሸጠው ነው፣ በሸክላ ምድጃ እስኪንኮሻኮሽ የሚጋገር የበቆሎ ቂጣ። ሰው አፉ ውስጥ የሚከተውን ነው የሚሸጡት። አንድ ቃል ከወጣች አለቀላቸው።

ሶይላ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እሷም ቫይረሱ አለባት፣ ለሐዘኑ ከቤታንያ አብራን መጥታለች። ሲስተር ኢልዳ መድኃኒቷን ካልሲ ውስጥ ጠቅልለው ሰጥተውኛል። ማታ ማታ ሰው ጸሎት ላይ ሲሆን ምድጃው ጀርባ ወስጄ አስውጣታለሁ። «አያቴ ትቆጣለች» ትለኛለች፣ ትውጠዋለች። እንዲህ እያልን ጥቂት ምሽት ሄድን። አንድ ቀን ዶኛ ካንዲዳ ከኋላችን ቆመዋል።

«ይሄ ምንድነው፣ አበልጄ?»

«የሶይላ መድኃኒት ነው።»

«ናቦርም መድኃኒት ነበረው። እየዋጠ ሲያስመልሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ነው አንጀቱን የጨረሰው።»

«አይደለም እኮ፣ ዶኛ ካንዲዳ...»

«አንዱን ሰጥቻችሁ በሳጥን መለሳችሁልኝ። ሁለተኛዋን አታገኟትም። እዚሁ ታድጋለች።» ካልሲውን ከእጄ ተቀብለው ከነጠርሙሱ ምድጃው ውስጥ ጨመሩት። ፕላስቲኩ ሲቀልጥ ሸተተን። ሶይላ አፍንጫዋን ያዘች።

ለሲስተር ኢልዳ ደወልኩ። «ጥቂት ቀን አይገድላትም» አሉኝ። «ግን ጥቂት ቀን ሆኖ አይቀርም። ናቦርም እንዲህ ነው የጀመረው። የመንግሥት ሰዎች ይዤ ብመጣ ልጅቷን ለሌላ ከተማ ይሰጧታል፣ አያትዬዋም ዳግም አያዩዋትም። አንቺ አበልጃቸው ነሽ፣ ለምኚያቸው።»

ለመንኩ። አልሰሙኝም። አንድ ነገር ብነግራቸው ግን ይሰሙኝ እንደነበር አውቃለሁ፣ እሱን ነው መንገር ያቃተኝ።

ናቦር የመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ነበር፣ በማንኪያ ውሃ አረጥብለት ነበር። ያኔ ነው የነገረኝ። ለገና ዕረፍት አያቱ ጋ ሲመጣ መድኃኒቱን ሊወስድ ሲል እሳቸው «እንግዳ አለ፣ አሁን አይሆንም፣ በኋላ» ይሉታል።

«አያቴ ቤት እንግዳ የሌለው መቼ ነው?» አለኝ፣ ለመሳቅ እየሞከረ። «በኋላው አይመጣም። ከዚያ እኔም ተውኩት። ቤታንያ ስመለስ ጉንጬ ሥር ደብቄ እተፋዋለሁ። ሳልወስድ ደህና የሆንኩ መስሎኝ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ ነገር ትይዢያለሽ እንዴ?» አለ። ከዚያ ሳቁን ተወ። «ለአያቴ ግን እንዳትነግሪያት። እሷ ገደልኩት ትላለች። ማይልኝ።»

ማልኩለት። እኔ፣ ነገር የማልይዘው፣ ይቺን ያዝኩ።

የመጨረሻው ምሽት ግቢው ጢም አለ። «ከራስጌው ጀምሪ» አሉኝ ዶኛ ኦቲሊያ። በእጅ በተጨበጠ አበባ ነው የሚጠረገው፣ ራስጌውን፣ ከዚያ ቀኝ ክንዱን፣ ግራውን፣ እግሩን፣ በየመሃሉ ይዘመራል። ኖራው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ በማግስቱ መቃብሩ ላይ ይበተናል። ጉልበቴን ወለሉ ላጠው። ሶይላ የገመድ አልጋው ውስጥ ተኝታ በቀዳዳው ታየኛለች። ጸሎት ማሰብ ነበረብኝ፣ እኔ የማስበው ግን ያን ካልሲ ነው። እግሩን ሳነሳ ወለሉ ባዶ ሆነ።

ዶኛ ካንዲዳ ተንበረከኩ፣ የሚባለውን አሉ፣ እኔም ያልኩትን አልኩ።

«ምርቃትዎ ይበቃኛል ነው የሚባለው» ብለው ዶኛ ኦቲሊያ ጆሮዬ ሥር ሹክ አሉኝ። የረሳሁት መስሏቸው ነው።

«አልረሳሁም። ሶይላን ነው የምፈልገው።»

«ልጅ ይጠየቃል እንዴ? የት ልትወስጃት ነው?» አሉ ዶኛ ኦቲሊያ።

ትምህርት ቤት ማለት እችል ነበር። ግን ትምህርት ቤት ካልኩ «ዓመቱ ሲጀመር ትሄዳለች» ብለው ያስቀሯታል፣ ዓመቱ እስኪጀመር ደግሞ እሷ... በቃ። «ቤታንያ» አልኩ።

በእኛ በኩል ቤታንያ ማን እንደሚኖር የማያውቅ የለም።

አንድ ወንበር ተጎተተ። ሌላ ተጎተተ። አንዲት እናት የገመድ አልጋውን የምትወዘውዘውን ልጇን በክንዷ ሳበቻት። ዶኛ ካንዲዳ እጄን አልለቀቁም፣ ጥፍራቸው ሥጋዬ ውስጥ ገብቷል። ቀና ብለው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፣ «ይውሰዷት፣ አበልጄ» አሉ። ከዚያ ለእኔ ብቻ፣ በሹክሹክታ፣ «በቁሜ ቀበርሽኝ» አሉኝ።

አሁን ገበያ ላይ አያቸዋለሁ። ቅርጫታቸው እንደሞላ ነው የሚመሽበት። ሰላም ስላቸው ከወንበራቸው ይነሳሉ፣ የአበልጅ ሰላምታ አያጓድሉም፣ ከዚያ ይቀመጡና ቶቶፖውን ደግመው ይደረድሩታል።

ያን የመጨረሻ ምሽት ስደውልላቸው ሲስተር ኢልዳ ፒካፑን ይዘው መጡ፣ ሶይላን መሃላችን አስቀመጥናት። አዲስ መድኃኒት ይዘዋል። ገና ከመንደሩ ሳንወጣ ሰጠኋት፣ ዋጠችው። ናቦር ክኒን መትፋቱን ሲስተር ኢልዳ ከደረሱበት ወዲህ ቤታንያ ያለ ልጅ ክኒን ከዋጠ በኋላ አፉን ከፍቶ፣ ምላሱን አንስቶ ማሳየት አለበት። ማንም አልጠየቃትም። ሶይላ ወደ እኔ ዞራ አፏን ከፈተች፣ ምላሷን አነሳች። ምንም የለም።

«አየሁ። ዝጊው» አልኳት።

አልዘጋችውም። መንገዱ እያንገጫገጨን፣ አፏ እንደተከፈተ፣ ድምፅ ሳታወጣ እንባዋ ወደ ውስጥ ይገባባት ጀመር። አገጯን በመዳፌ ይዤ ቀስ ብዬ ዘጋሁላት።

ዶኛ ካንዲዳ ናቦርን የገደለው መድኃኒቱ ነው ብለው እንዳመኑ ናቸው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? «በኋላ» ያሉት ቃል እንደሆነ ጓዳ ወስዳችሁ ለብቻቸው ትነግሯቸው ነበር፣ ወይስ እንደ እኔ ያን ደብቃችሁ፣ ያላቸውን ሁሉ ሰው ፊት ትወስዱባቸው ነበር?