ከየትኛው ጫፍ

ካርታውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ቀድሜ የምናገረው በኋላ ሌላ ሰው እንዳይታማበት ነው።

የክሊኒካችንን ኮምፒውተሮች በሙሉ አንድ ስክሪን ላይ ለማምጣት ሁለት ሳምንት ለፋሁ። እያንዳንዱ ማሽን ትንሽ ሳጥን ነው፣ እያንዳንዱ ኬብል ደግሞ መስመር። በየመስመሩ ላይ ሁለት ቀስት አለ፤ አንዱ ከእኛ የሚወጣውን መረጃ፣ ሌላው ወደ እኛ የሚገባውን ያሳያል። መስመሩ ጭር ሲል ነጭ፣ ሲሠራ አረንጓዴ፣ ሲጨናነቅ ቀይ ይሆናል። በየደቂቃውም በመስመሩ ጫፍ ካለው መሣሪያ የመረጃውን ቁጥር እያነበበ ራሱን ያድሳል። ሰኞ ጠዋት ስክሪኑን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ስከፍተው ልጄን ያስመረቅኩ ያህል ደረቴ ተነፋ።

"አይ ክብሪት! እንግዲህ ማን ይችልሻል!" አሉኝ ጋሼ ሽቦ።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ቅጥነታቸውና ከእጃቸው የማይጠፋው ኬብል ተደምረው "ሽቦ" አስባሏቸው። እኔን ክብሪት ያሉኝ ደግሞ ቶሎ ስለምቀጣጠል ነው። ወሬ አይወዱም። ምሳቸውን እንኳ ከቤት ቋጥረው አምጥተው፣ ሰው ሁሉ ሲወጣ ሰርቨር ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ይበላሉ።

የዚያኑ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ከቅርንጫፍ ክሊኒካችን ጋር የሚያገናኘን መስመር ድንገት ቀይ ሆነ። የቀላው ከእኛ የሚወጣው ቀስት ነው። ዓይኔን አሸሁ። ሕንፃው ውስጥ ሰው የለም፤ በመስመሩ የእኛ ጫፍ ያለው ማሽን ግን የሕመምተኞች ራጅ የተቀመጠበት ነው። የሰው ገመና እየወጣ ነው! በኮሪደሩ ሮጬ ሄጄ በሰርቨር ክፍሉ መስታወት አጮለቅኩ። ጋሼ ሽቦ ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው በአንድ እጃቸው ይጎርሳሉ፣ በሌላው ኪቦርድ ይነካካሉ።

ክው አልኩ። እሳቸው? እኔን ኬብል መቁረጥ ያስተማሩኝ ሰው?

ማክሰኞም ያው ሆነ። በሩን ከፍቼ "ጋሼ፣ ምን እየሠሩ ነው?" ብል ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አራት ቃል ነው፣ አራት ቃል! ግን ደሜ ፈልቶ ነበር። ካርታውን በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፣ መስመሩን ዘጋሁትና ወደ ሥራ አስኪያጇ ቢሮ ወጣሁ።

"እርግጠኛ ነሽ?" አሉኝ።

"እጄ ይቆረጥ!"

ረቡዕ ጠዋት ጋሼ ሽቦን አስጠሯቸው። ሥራ አስኪያጇ ፎቶውን አሳይተው፣ "እስኪጣራ ድረስ ቁልፉን ያስረክቡና ቤትዎ ይቆዩ" አሏቸው። ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልተቆጡም። መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ክብሪት፣ የዚህን መስመር ቁጥር ከየትኛው ጫፍ ነው ያነበብሽው?"

የሌሎቹን መስመሮች ሁሉ ቁጥር ያነበብኩት ከእኛ ጫፍ ነው። በዚህኛው መስመር በእኛ ጫፍ ያለው መሣሪያ፣ ራውተሩ፣ ግን አሮጌ ስለሆነ ቁጥር አይሰጥም፤ ስለዚህ ከቅርንጫፉ መሣሪያ ወሰድኩ። ያ መሣሪያ "የሚወጣ" የሚለው ለእኛ የሚገባ ነው። ማገላበጥ ነበረብኝ፣ ረሳሁት። ከእኛ ምንም አልወጣም ነበር። ሁሉም እየገባ ነበር። "ቀስቱን ገልብጬዋለሁ፤ የወጣ ነገር የለም፣ እየገባ ነበር" አልኩ።

"ታዲያ ምንድን ነው የሚገባው?" አሉ ሥራ አስኪያጇ።

"የቅርንጫፉ ራጅ ነዋ። ዲስካቸው እየሞተ ነው። አዲስ ይገዛ ብዬ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎ ነበር።" ሥራ አስኪያጇ ዓይናቸውን ወደ መሳቢያቸው መለሱ። ጋሼ ሽቦ ቀጠሉ፤ "መስመሩ ቀጭን ነው፤ በሥራ ሰዓት ከያዝኩት ሐኪሞቹ ይጮኻሉ። ስለዚህ ምሳ ሰዓት ላይ በትንሽ በትንሹ ወደዚህ አሸሸው ነበር። ትናንት መሀል ላይ ተቋረጠብኝ። ምክንያቱን ስፈልግ ዋልኩ፣ አላገኘሁትም።"

"እኔ ነኝ የዘጋሁት" አልኩ። የማን ድምፅ እንደሆነ ለራሴም አልታወቀኝም።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። መስመሩን ከፈትኩና ካርታው ላይ አፈጠጥኩ። ነጭ ነው። አንድ ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ሁለት ደቂቃ ጠበቅኩ። ያው ነጭ። ወደ ቅርንጫፉ ስደውል ነርሷ አነሳች።

"ዲስኩ? ዛሬ ጠዋት ስንከፍተው ቋ ቋ አለና ጸጥ አለ። ግን ችግር የለውም አይደል? ጋሼ ሽቦ ትናንት እጨርሳለሁ ብለውን ነበር እኮ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስዞር ጋሼ ሽቦ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሁሉንም ሰምተዋል። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የገባውንና ያልገባውን አመሳከሩ።

"ሦስት መቶ አርባ ሰው ቀርቷል" አሉ።

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"እሱ ይቆይ።"

በጥፊ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ዝርዝሩን አተሙ፤ የሕመምተኛው ስምና ስልክ፣ ዘጠኝ ገጽ። ፊቴ አስቀመጡትና ስልኩን አጠገቡ ገፉልኝ።

"መጥተው እንደገና ራጅ መነሳት አለባቸው። አንቺ ንገሪያቸው።"

በመጀመሪያው ስም ትይዩ ያለውን ቁጥር ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። በአራተኛው ጠራ።

"ሄሎ፣ ከክሊኒኩ ነው የምደውለው።"

"እሰይ! ተመስገን!" አለች አንዲት ሴት። "አምስት ቀን ሙሉ ስልኩን ታቅፌ ነው የምተኛው። በይ ንገሪኝ እህቴ፣ የልጄ ሳንባ ምን ሆኖ ነው?"

ጋሼ ሽቦ ቀና ብለው አላዩኝም። የምሳ ሳህናቸው ከትናንት ጀምሮ እንደተቋጠረ ኪቦርዱ አጠገብ ተቀምጧል።

"እህቴ፣" አልኳት፣ "የልጅሽን ራጅ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"