በሞንቴሎሮ ጾም ሲፈታ

ሰው ሁሉ ጾም እስኪፈታ ቀን ይቆጥራል። ዕፀገነት ግን በዚያ ዓመት ፍልሰታ እንዳያልቅባት ትለምን ነበር፤ ያውም የምትለምነው የጾሙን ባለቤት እመቤታችንን ነው። እንዲህ ያለውን ልመና ማን ይሰማል? ቀኑም ለማንም ብሎ አይቆምም።

ነገሩ የጀመረው በሰኔ ጾም መግቢያ ነው። ሆላንድ አገር ዴን ሃግ፣ ስኬቨኒንገን በሚባለው ባሕር ዳር ባለው የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። አንድ ቀን በሻይ እረፍት ዳቦ ጎርሳ ልትውጥ ስትል ደረቷ መሀል ላይ ቀጥ አለባት። ውሃ ጠጣችበት፤ ውሃውም ተመልሶ መጣ። ቆይቶ ሲወርድላት “ቸኩዬ ነው” ብላ ተወችው። በሳምንቱ በእንጀራ ደገማት። ከዚያ ወዲያ አልወርድ የሚላት ነገር እየበዛ ሄደ፤ ዳቦውም፣ እንጀራውም፣ በመጨረሻ የተቀቀለ ድንች እንኳ።

ሌላ ሰው ቢሆን ብርድ ነው ብሎ ዝንጅብል አፍልቶ ይጠጣ ነበር። የዕፀገነት መከራ ማወቋ ነው። እዚህ አገር ከመጣች ጀምሮ ሥራዋ የሰው ሽማግሌ ማጉረስ ነው። አምና አንድ ጨዋታ አዋቂ የቀድሞ መርከበኛ በዚሁ መንገድ ሲሄዱ አይታለች። መጀመሪያ የዳቦውን ጠርዝ ተዉ፣ ከዚያ ሥጋውን፣ ኋላም ውሃ እምቢ አላቸው። ብርዱ ሳይወጣ አልጋቸው ለሌላ ሰው ተነጠፈ። የበሽታውን ስም ታውቀዋለች፤ በሆዷም ቢሆን ግን አትጠራውም።

ለሰፈሯ ሐኪም፣ ለሃውስአርትሷ፣ መደወል እንዳለባት አጥታው አይደለም። ስልኩን አንስታ መልሳ አስቀምጣዋለች። “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” እያለች ስንቱን ስትገሥጽ የኖረች ሴት በራሷ ሲመጣ ምላሷ ተሳሰረ። ሐኪሙ እስካልተናገረ ድረስ ምንም አልሆንኩም፣ አንዴ ከተናገረ ግን መመለሻ የለውም ብላ ነበር የምታስበው። ቂልነት ነው። ፍርሃት ደግሞ መቼ ብልህ ሆኖ ያውቃል?

ጾም መሸሸጊያ ሆነላት። የሰኔው ጾም ሲያልቅ በፈቃዷ የማታ ተረኛ ሆና “ሥራ ቦታ በላሁ” ማለት ጀመረች። ባሏ ዋሲሁን ቭላርዲንገን ወደብ ላይ መጋዘን ውስጥ ስለሚውል ቤት የሚገናኙት ለመተኛት ነው። አንድ ልጃቸው ሩሐማ ኑሮዋም ቢሮዋም አምስተርዳም ነው። ፍልሰታ ሲገባማ ዕፀገነት ተገላገለች፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል የማይቀምስን ሰው ማን ለምን አትበላም ይለዋል? ከዘጠኝ በኋላ አጥሚት ትጠጣለች። ቀሚሶቿ ሰፉባት። ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ ጾሙ እንዳማረባት ሲነግሯት አሜን ብላ ተቀበለች።

በዚህ መሀል ሩሐማ ለጋብቻቸው በዓል ስጦታ ብላ ጣሊያን ገጠር ውስጥ ካለች ሞንቴሎሮ ከምትባል ትንሽ ከተማ ማረፊያ ተከራየችላቸው፤ እሷም አብራቸው ልትሄድ። ፈቃድ ያገኘችው ጾሙ በሚፈታበት ሳምንት ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዕፀገነት ፍልሰታን ያለ ቅዳሴ አላሳልፍም ብላ ቤቱን በአንድ እግሩ ታቆመው ነበር። ዘንድሮ እሺ አለች። ቤተ ክርስቲያን ብትውል ጾም ሲፈታ ሴቶቹ ተራ በተራ እንደሚያጎርሷት ታውቃለች፤ በሰው አገር ግን ሳህኔን ማን ያየዋል አለች። ተሳሳተች። በመቶ ሰው መሀል መደበቅ ይቻላል፤ ሦስት ሰው የተቀመጠበት ገበታ ላይ የት ይገባል?

ሐሙስ ከሮተርዳም በረሩ። ከአውሮፕላን ወርደው በኪራይ መኪና የወይራ ዛፍ በሞላበት ኮረብታ ጠመዝማዛውን ሲወጡ ዋሲሁን ነበር የሚነዳው። ከተማዋ አንድ አደባባይ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያንና ጥላ ሥር የተኮለኮሉ ሽማግሌዎች ናት። ማረፊያቸው ከምግብ ቤቱ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቲቱ ሎሬዳና እጀታዋን የሰበሰበች፣ ድምፅዋ ከአደባባዩ ወዲያ የሚሰማ ሴት ናት። ዋሲሁን አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የተማራትን ጣሊያንኛ አወጣና ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ እያለ መኪናውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆጠረላት። ሎሬዳና እጇን አጨብጭባ አቀፈችው። ሩሐማ በሳቅ ሞተች። ዕፀገነትም ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ከግቢው የወይን ጥላ ሥር በተነጠፉት ጠረጴዛዎች ላይ ነበር።

የመጀመሪያው ምሽት ራት ለጾመኛ የሚሆን የባቄላና የአትክልት ሾርባ ቀረበ። ዕፀገነት ውሃውን በማንኪያ እየቀዳች ጠጣች፤ ባቄላው፣ ካሮቱ፣ ዳቦው እንዳለ ቀረ። ሎሬዳና ሳህኑን ስታነሣ ፊቷ ተለወጠ። በእነሱ ዘንድ ሞልቶ የተመለሰ ሳህን ባለሙያዋን እንደ መስደብ ነው። ጨው በዛበት? አልበሰለም? ሩሐማ በስልኳ እያስተረጎመች እናቷ ጾመኛ መሆኗን፣ ጾሙም የማርያም መሆኑን አስረዳቻት። ሎሬዳና አማተበች። የእነሱ የማርያም በዓል ያለፈው ቅዳሜ መሆኑን ነግራ፣ የእናንተስ መቼ ነው አለች። ከነገ ወዲያ ሲሏት ጠረጴዛውን በመዳፏ መታችና ለሲኞራ በገዛ እጇ የበግ ጥብስ እንደምትሠራ ቃል ገባች።

ዕፀገነት አመሰገነች። ዋሲሁን የተረፈውን ባቄላ ሲያይ ቆይቶ ወደ ኮረብታው ዞረ።

ቅዳሜ ጠዋት ውዳሴ ማርያሟን ደግማ ብቻዋን ወጣች። ከዳቦ ቤቱ ትንሽ ዳቦ ገዝታ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሰው የማያልፍበት ጥግ ገብታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ማታ ከምትዋረድ አሁን ልትሞክረው ነው። የለውዝ ያህል ቆረሰች፤ አኘከች፤ ስታኝከው፣ ስታኝከው ገንፎ አከለ። “እመቤቴ፣ አንዷን ብቻ” ብላ ዋጠች።

ትንሽ ወረደና ቆመ። የምታውቀው ቦታ ላይ፣ ከጡቶቿ መሀል ከፍ ብሎ፣ እንደ ተቀረቀረ በር። ምራቋ አፏን ሞላው፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እንዲህ ሆና ብትወድቅ ማን ያገኛታል? ልጇ ምን ትሆናለች? መርከበኛው በመጨረሻ ሳምንታቸው በስፖንጅ ከንፈራቸውን ስታረጥብላቸው ያዩዋት የነበረው አስተያየት መጣባት። ጎንበስ ብላ ግድግዳውን እንደያዘች የዋጠችው ተመልሶ ወጣ። አፏን ጠርጋ ተቀመጠች። ከእንግዲህ ጾም የለም፤ ምን ልትል ነው? ሆዴን አሞኛል ብትል ሎሬዳና የምትጠራው ሐኪም አታጣም። ወደ ማረፊያው ስትመለስ የበጉ ጥብስ ሽታ አደባባዩ ላይ ደርሶ ነበር።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ገበታ ተቀመጡ። ሎሬዳና ነጭ ጨርቅ አንጥፋለች፤ በጉ ከነድንቹ በትልቅ ዝርግ ሳህን መሀል ተቀምጧል። ሩሐማ የሐበሻ ቀሚሷን ከዚህ ድረስ ይዛው መጥታ ለብሳዋለች። እናትና አባቷን ፎቶ አነሣች፤ “ማም፣ በጣም ከስተሻል፣ ኤክት፣ የምሬን ነው፣ ዛሬ ሁሉንም ትበያለሽ” አለች እየሳቀች። ዋሲሁን ተነሥቶ አቡነ ዘበሰማያት አደረሰ፤ ድምፁ ልክ አልነበረም። ከዚያ እጁን ታጠበ። ሹካውን ትቶ ከበጉ ለስላሳውን በጣቶቹ ፈልቅቆ፣ መረቅ አስነክቶ፣ ወደ ሚስቱ አፍ ዘረጋ።

ቀስ ብላ በራሷ እንደምትበላ ነገረችው። እጁ አልተመለሰም።

“በሞቴ” አላት።

በሞቴ ተብሎ እንዴት እምቢ ይባላል? በዕለተ በዓል፣ ልጅ እያየች፣ ባለቤቲቱ በሩ ላይ እጇን አጣምራ ቆማ። ዕፀገነት አፏን ከፈተች። አኘከች። ሥጋው ጣፋጭ ነበር፤ ይህን ያህል ጊዜ የሥጋ ጣዕም ረስታ እንደቆየች ያኔ አወቀች። ማኘኩን ልታቆም አልደፈረችም። ሩሐማ ስለ ነገው ጉዞ ታወራለች። ዋሲሁን ግን አይሰማም፤ ጣቶቹ ቅባት እንደነካቸው አየር ላይ ቀርተው ጉሮሮዋን ነው የሚያየው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። ዋጠች።

ቆመ።

ወንበሩን ገፍትራ ተነሣች። ግቢው ጥግ ያለው ገንዳ ጋ እስክትደርስ ደረቷ የሚቀደድ መሰላት። ሩሐማ ትንታ መስሏት ተከትላ ጀርባዋን ትደልቃለች፤ በሆላንድኛ ምን ሆንሽ፣ ምን ሆንሽ ትላለች። ሎሬዳና ውሃ ይዛ ትሮጣለች። ጉርሻው ገንዳው ውስጥ ወደቀ። ዕፀገነት ቧንቧውን ከፍታ አፏን ተጉመጠመጠች፤ ውሃው ቀሚሷን አራሰው።

“ትንታ አይደለም” አለች ቀና ብላ። “ጾምም አልነበረም። እህል አይወርድልኝም፣ ሩሐ። ከሰኔ ጀምሮ አይወርድልኝም።”

ሩሐማ እንዲያ እንደቆመች ፊቷ የሕፃን ፊት ሆነ። ለምን አልነገርሽኝም ብላ ጠየቀች። ዕፀገነት ልጇን አቅፋ ወደ ገበታው ዞረች። ዋሲሁን ከቦታው አልተነሣም። አልደነገጠም። ያጎረሰበትን እጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ያየዋል። ያን ጊዜ ገባት፤ ከገባት ሁሉ ይህ ባሰባት።

“አንተ ታውቅ ነበር” አለችው።

እንደሚያውቅ ነገራት። ስታስመልስ ድምፁ እንዳይሰማ የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ትከፍተው እንደነበር፣ እሱም በሩ ኋላ ቆሞ ውሃው እስኪዘጋ ይጠብቅ እንደነበር፣ ከዚያም ሳታየው ተመልሶ እንደሚተኛ። በየጊዜው ልጠይቃት ይልና አፉ እምቢ ይለዋል።

ቁጣዋ ከፍርሃቷ ቀድሞ ወጣ። “እያወቅህ ነው በሞቴ ያልከኝ? እያወቅህ ነው ያጎረስከኝ?”

“ትውጪዋለሽ ብዬ ነዋ” አለ ዋሲሁን። “ጾሙ ነው፣ ጾሙ ነው እያልኩ ራሴን እያታለልኩ ከረምኩ። ዛሬ ጾም የለም። አንዷን ብትውጪልኝ፣ በቃ፣ ተሳስቼ ነበር ብዬ ልተኛ ነበር።”

ከዚያ በኋላ አለቀሰ። ዕፀገነት ይህን ሰው በአባቱ መርዶ እንኳ ሲያለቅስ አላየችውም፤ ቁጣዋ የት እንደገባ ጠፋት። ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠችና ቅባት የነካውን እጁን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። ሎሬዳና ሳትጠየቅ በጉን አንሥታ ሄዳ በሲኒ ትኩስ መረቅ ይዛ ተመለሰች፤ ዕፀገነት ፊት አስቀምጣ ትከሻዋን ነካ አድርጋ ገባች።

ሩሐማ እዚያው ተቀምጣ የመልሱን በረራ ለእሑድ አስቀየረች። ሰኞ ጠዋት ሐኪሙ ጋ የደወለችውም እሷ ናት፤ እናቷ ምልክቱን እየነገረቻት፣ እሷ በሆላንድኛ እየተናገረች። የሐኪሙ ረዳት መጀመሪያ ለሚመጣው ሳምንት ልትቀጥራቸው ነበር። ክብደቷ ስንት እንደቀነሰ ስትሰማ ለዚያው ለከሰዓት አደረገችው። ዕፀገነት ይህንን ከስልኩ ስትሰማ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ሐኪም ቤት እንዲህ ሲቸኩል ምን ማለት እንደሆነ ከሥራዋ ታውቀዋለችና።

ከሰዓት ዴን ሃግ፣ የሐኪሙ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሩሐማ መኪና ልታቆም ወደ ኋላ ቀርታለች። ከግድግዳው ላይ ጥርስ ስለመቦረሽ የሚያወራ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ሁለቱም እሱን ያያሉ። ዋሲሁን ከመጋዘኑ ፈቃድ መጠየቁን ረስቶ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ይጮኻል፤ አላነሣውም። ዕፀገነት ገብተው ሐኪሙ ሲጠይቃት ብትዋሽ እሱ እውነቱን እንዲናገርባት ለመነችው። እሺ አላት።

በሩ ተከፍቶ ስሟ ሲጠራ ሁለቱም ተነሡ።