ሞተር ያቆመ ሆድ

ከዚህ በታች ከተተረከው አንዲት ቃል ውሸት ሆና ብትገኝ፣ የተራኪው ምላስ እንደ አሮጌ የሞተር ቺንጊያ ትበጠስ። እርግጥ እዚህም እዚያም ጠብ የተደረገ ነገር አይጠፋም፤ እሱ ግን ማለስለሻ እንጂ ውሸት አይባልም። ዘይት ያልነካው ሞተር ይነክሳል፤ ጨመር ያልተደረገበት ወሬም እንደዚያው ነው።

ሰውየው ሺ ፈረስ ይባላል። ስሙን ያወጣለት ጋራዡ ነው። የጠገነውን ሁሉ፣ የውኃ መሳቢያ ሞተርም ቢሆን፣ «አሁን ሺ የፈረስ ጉልበት አለው» ብሎ ካልመረቀ ከእጁ አያወጣም። ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ሆዱ እሱን ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነው። በናፍጣ ሞተር ግን አቻ አልተወለደለትም። ድምፅ ሰምቶ የትኛው ሲሊንደር እንደታመመ ይናገራል። ጭስ አሽትቶ ሾፌሩ ትናንት ከማን ጋር እንደተጣላ ያውቃል። የሚጠራጠር ካለ ራሱን ይጠይቀው፤ ባይጠይቀውም ይነግረዋል። የጥገና መመሪያ የሚባለውን መጽሐፍማ ገልጦ አያውቅም። «መመሪያ የሚያነብ መካኒክ የገዛ ቤቱን በካርታ የሚፈልግ አባወራ ነው» ይላል።

በዚያ ሐሙስ ጠዋት ግን ሺ ፈረስ እጁን ሦስት ጊዜ ታጠበ፤ አንዴ በናፍጣ፣ አንዴ በሰጋቱራ፣ አንዴ በሳሙና። ልቡ እንደ ላላ ብሎን ትንቀጫቀጫለች። የጋራዡ አለቃ ጡረታ ከወጣ ወር አልፎታል፤ ዛሬ የሚተካው ሰው ይመረጣል።

ጭንቀቱ ምርጫው አልነበረም። ጭንቀቱ፣ እቤቱ ከተሾመ ሁለት ሳምንት ስላለፈው ነው።

ነገሩ የተጀመረው እራት ላይ ነው። አማቱ ወጡን ጨለፍ እያደረጉ «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜህም መኪና ሥር ትተኛለህ?» አሉት። «ኧረ እማማ፣ አለቃ ሆኛለሁ እኮ» የሚል ቃል ከአፉ አፈተለከ። በማግስቱ አለቅነቱ ላይ ቢሮ ጨመረበት። በሦስተኛው ቀን ለቢሮው መስኮት አወጣለት፣ በአራተኛው ስልክ አስገባለት። በሳምንቱ አማቱ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «እንግዲያ በመጪው ዓርብ መጥቼ ወንበርህ ላይ ቁጭ ብዬ ልመርቅህ» አሉ። ዓርብ ነገ ነው። ገበናውን የምታውቀው ሚስቱ በጆሮው «ቢሮውን ሠራኸው እሺ፤ ወንበሩን ከየት ታመጣዋለህ?» አለችው።

ወንበሩ ያለው ከጋራዡ በላይ፣ በእንጨት ደረጃ በሚወጣባት ክፍል ውስጥ ነው። የሚሽከረከር ወንበር ነው፤ አንድ ክንዱ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሏል። ሺ ፈረስ ሲገባ መጀመሪያ ያየው እሱን ነው። ቀጥሎ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ሥራ አስኪያጅ አየ፤ ከጎኑ ሾፌሮቹን የሚያሰማራው የስምሪት ኃላፊ ተቀምጧል። ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ ልትይዝ ደብተር የዘረጋችው የመለዋወጫ ዕቃ ቤቷ ሠራተኛ ናት። ጋራዡ እሷን ዝምአይነቅዝም ብሎ ይጠራታል። በወንፊት ሽቦው መስኮት ብሎን ስትሰጥም፣ ስታስፈርምም ቃል አይወጣትም።

«ብዙ አንፈልግም» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ለዚህ ወንበር ያበቃኛል የምትለውን አንድ ሥራ ንገረን።»

«አንድ ብቻ?» አለ ሺ ፈረስ፤ ቅር ያለው መሰለ። «እንግዲያውስ ከሦስት ዓመት በፊት የሆነውን የነጯን ሰርቪስ ልንገራችሁ። አራት ሲሊንደር፣ ተርቦ የተገጠመላት ናፍጣ ናት። መቼም ተርቦ ታውቃላችሁ። ሞተሩ የሚተፋው ጭስ ያሽከረክረዋል፤ እሱ በበኩሉ አየር እየጠቀጠቀ መልሶ ሞተሩን ያጎርሰዋል። በደቂቃ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይዞራል።»

«መቶ ሺህ ምናምን ይመስለኛል መመሪያው ላይ» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«መመሪያው የተጻፈው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው ጌታዬ። እኔ ያየሁት ዳገት ላይ ነው።»

ከጥግ ዝግ ያለ ድምፅ መጣ። «ይህም ይጻፍ?»

«ጻፊው እታለም፣ ጻፊው» አላት። «እና ዘይት ቀየርኩ፣ ፊልትሮ ቀየርኩ። ተርቦዋን ላዳምጣት ብዬ የአየር ማስገቢያውን ቱቦ ፈታሁና አስነሳኋት። መጀመሪያ እንደ ድመት አንኮራፋች። ከዚያ ነዳጅ ሳይሰጣት፣ ማንም ፔዳል ሳይረግጥ፣ መጮኽ ጀመረች። ሁለት ሺህ ዙር። አራት ሺህ። ቁልፉን አጠፋሁ፤ አልጠፋ አለች። ነቅዬ ኪሴ ከተትኩት፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ፣ ሞተሩ ሥራው ላይ።»

የስምሪት ኃላፊው ወደፊት ዘንበል አለ። «ያለ ቁልፍ?»

«ያለ ቁልፍ፣ ያለ ናፍጣ። የራሷን ዘይት መጠጣት ጀምራለቻ። የናፍጣ ሞተር የሚነድ ነገር ካገኘ ናፍጣ ሆነ ዘይት ግድ የለውም። የገዛ ደሙን እየጠጣ፣ እየሰከረ፣ እየፈጠነ ሄዶ መጨረሻ ላይ ይፈነዳል። ያን ቀን ብትፈነዳ ጋራዡን ብቻ አይደለም፣ እስከ መንገዱ ማዶ አንድ ጣሪያ አትተውም ነበር።»

«ለምን ዘይቷን ጠጣች?» ሲል ሥራ አስኪያጁ ጠየቀ።

ሺ ፈረስ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱ እንግዲህ... የፋብሪካ ስህተት ነው።»

ብዕሯ ለአፍታ ቆመች። «ይህም ይጻፍ?»

«በደማቁ።» ከዚያም ከጥያቄው ለመራቅ ወደ ጭሱ ገባ። «ጭሱን ብታዩት ነጭ ነው አትሉም፣ ጥቁር ነው አትሉም። ፀሐይ ጠፋች። የጎረቤት ዶሮዎች መሸ ብለው ወደ ቆጣቸው ገቡ፤ ከነጋታው ጀምሮ ለሁለት ቀን እንቁላል አልሰጡም። ሰው ሁሉ ነፍሴ አውጪኝ አለ። ሾፌሩ አጥር ዘሎ ወጣ፣ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።»

«ሾፌሩ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛውሮ ነው እኮ» አለ የስምሪት ኃላፊው። «እኔ ነኝ ያዛወርኩት።»

«ታዲያ በሩጫው አይደል የደረሰው?»

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን ለመወልወል ብሎ አጎንብሶ ፈገግታውን ሸፈነ። ሺ ፈረስ ይህን ባየ ጊዜ ልቡ ሞላ። አማቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ታዩት፤ እግራቸው መሬት ስለማይደርስ ከሥሩ አንድ ነገር ማስቀመጥ ይኖርበታል።

«እንዲህ ያለውን ሞተር የሚያቆመው አንድ ነገር ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አየር መከልከል። አፉን መድፈን። በእጅህ ልድፈን ብትል እጅህን ይበላዋል። ጣውላ ፈለግሁ፣ የለም። ቆርቆሮ ፈለግሁ፣ የለም። ጊዜ የለም። ያን ጊዜ ቱታዬን ገለጥኩና...»

ዓይኑን ጨፈነ። ይህን ታሪክ መቶ ጊዜ አውርቶታል፤ እዚህች ቦታ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ሳያስበው ይጨፈናል። ሰሚው የትዝታው ሕመም ይመስለዋል።

«ሆዴን ሰጠኋት።»

ከታች አንድ ሰው ጎማ በመዶሻ ሲመታ ይሰማል።

«ሆድህን?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ሆዴን። ስባ ያዘችኝ። እሷ ልትውጠኝ፣ እኔ ላለመዋጥ ተናነቅን። አጥንት ቢሆን ይሰበር ነበር፤ የእኔ ሆድ ግን ልክክ ብሎ አፏን ሞላው። ሦስት ጊዜ አጓራችና ቀጥ አለች። ክብ ምልክቱ ዛሬም እምብርቴ ሥር አለ። ማየት ከፈለጋችሁ...» ብሎ የቱታውን ቁልፎች መፍታት ጀመረ።

«አይ፣ አይ፣ እናምንሃለን» አለ ሥራ አስኪያጁ ሁለት እጁን ዘርግቶ።

«መቼም ሞተሯ በራሷ አልቆመችም» አለ የስምሪት ኃላፊው። «መኪናዋም ዛሬ ድረስ ትሠራለች። አንድ ሰው አቁሟታል።»

«እሱ ነው ቁም ነገሩ» ብሎ ሥራ አስኪያጁ ስሙ ያልተሞላበትን የሹመት ደብዳቤ ወደ ራሱ ሳበ። «ሆዱንም ዶሮውንም እንተወውና፣ ያን ቀን ያቺን ሞተር ያቆመ ሰው ይህ ወንበር ይገባዋል።» የብዕሩን ክዳን ነቀለ። «ለቃለ ጉባኤው ያህል፣ ሲሆን ያየ ሌላ ሰው ነበር?»

«ከየት መጥቶ?» አለ ሺ ፈረስ። «እዚያ ጭስ ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን።»

ዝምአይነቅዝም ብዕሯን ደብተሩ ላይ አጋደመች። ተነሥታ ወጣች። የደረጃው እንጨት ሲንቋቋ ተሰማ፤ ወረደች፣ ቆየት ብላ ተመልሳ ወጣች። በእጇ በላስቲክ የተጠቀለለ ወፍራም መጽሐፍ ይዛለች። ላስቲኩን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። የነጯ ሰርቪስ የጥገና መመሪያ ነው። በደረቅ ሽፋኑ መሀል የብርጭቆ አፍ የሚያህል ክብ ተሰርጉዶበታል፤ ዙሪያውን ጥቁር ዘይት ጠጥቷል።

«ይህ የተርቦዋ አፍ ነው» አለች።

ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አደረገ። ጣቱን በስርጉዱ ዙሪያ አዞረ።

«ሞተሩ የሚይዘው ሰባት ሊትር ተኩል ዘይት ነው፤ ገጽ አርባ ሁለት ላይ አለ» አለች በዚያው ዝግ ባለ ድምፅ። «ጋሼ ከእኔ ፈርመው የወሰዱት አሥራ አንድ ነው። 'በዛ' ብላቸው፣ 'ሞተር እንደ እንግዳ ነው፣ ጠግቦ ይሂድ' አሉኝ። የተረፈው ነው በመተንፈሻው ቱቦ ዞሮ ተርቦዋ ውስጥ የገባው። ስትጮኽ ያንኑ ገጽ እያነበብኩ ነበር፤ መጽሐፉን አጥፌ ይዤው ወጣሁ፣ አፏ ላይ አደረግሁት። ቆመች። ብሎን የሚጠብቅ ሰው ስለነበረ ተመለስኩ።»

ሺ ፈረስ ክቡን አፍጥጦ አየው። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ፣ ያቺ ሞተር እንዴት እንደቆመች ሲያብሰለስል ኖሯል። በመጀመሪያው ዓመት ጮኾባት የደነገጠች መስሎት ነበር። ሆዱ የመጣው በሁለተኛው ዓመት ነው፤ አውርቶት አውርቶት እሱም አምኖት ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ክዳኑን መልሶ ብዕሩ ላይ ገጠመ። ደብዳቤውን ሳይሞላው በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ቀና ብሎ ዝምአይነቅዝምን አያት፤ ከዚያ ወንበሩን አየ፤ መልሶ እሷን አያት። ሺ ፈረስ አማቱ ከወንበሩ ወርደው ነጠላቸውን ሲያራግፉ ታዩት። እጅ ግን አልሰጠም።

«እሺ መጽሐፉስ ይሁን» አለ ቱታውን እንደገና ገለጥ እያደረገ። «ይህ እምብርቴ ሥር ያለው ክብስ? እሱንም መጽሐፍ ነው ያተመው?»

ዝምአይነቅዝም ወደ ምልክቱ አላየችም። መጽሐፉን በላስቲኩ መልሳ ጠቀለለችው።

«እሱ የጎማ ነው ጋሼ» አለች። «ስወጣ አይቼዎታለሁ። ከአሮጌዎቹ ጎማዎች ክምር ውስጥ ገብተው፣ ዓይንዎን ጨፍነው ነበር። ጠበብ ብሎዎት ነበር።»