ነፋስ የቀባት ጨረቃ

በመንደራችን በኮዩሃራ የብር ጌጥ ያለው ሰው የለም። ድሆች ስለሆንን አይደለም፤ ፍልውሃችን ስለማይወድልን ነው። ከተራራው ሥር የሚወጣው እንፋሎት ዲን አለበት፣ ዲን ደግሞ ብር ካየ እንቅልፍ የለውም። ሚስቴ ስትዳር ይዛው የመጣችው የብር ማበጠሪያ በሦስተኛው ወር ከሰል መሰለ። እናቷ ልትጠይቃት ስትመጣ አንገቷን ደፍታ "ጠፋብኝ" አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ብር ገብቶ አያውቅም።

ስለዚህ አሳጊሪ ቶሞዬ የምትባል ሠዓሊ ከኪዮቶ መጥታ በቤተ መቅደሱ አዳራሽ በሮች ላይ የብር ጨረቃ ልትሥል ነው ሲባል ሰማሁና ምንም አላልኩም። በሮቹን የሠራሁት እኔ ነኝ። እንጨቱን አዋቅሬ፣ ወረቀት በወረቀት ላይ ሰባት ጊዜ ደርቤ፣ ተንሸራታች በር መሥራት እንጀራዬ ነው፤ ሰዉም "የበሩ ኩዋባታ" ይለኛል። በር ሠሪ ሠዓሊን አይመክርም። የኪዮቶ ሠዓሊን ደግሞ ጭራሽ። "ታውቀው ይሆናል" ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታዬን ጨዋነት ብዬው ነበር።

ለካስ ታውቀው ኖሯል።

ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አሥራ ሁለቱን ዓመት መምህሯ ቤት የድንጋይ ቀለም ስትወቅጥና ሙጫ ስታቀልጥ ኖራለች። የሠራችው ሁሉ በእሳቸው ስም ነው የወጣው፤ ይህ የአራት በር ሥዕል በራሷ ስም የሚወጣ የመጀመሪያዋ ነው። መጀመሪያ ቀን ቀለሙን በጣቷ ከሙጫ ጋር እያሸች፣ እንደ አገራችን አክብሮት በስሜ ላይ "ሳን" ጨምራ፣ እንደ ቀልድ፣ "ኩዋባታ ሳን፣ ይሄ ከተበላሸ ተመልሼ ወቃጭ ነኝ" አለችኝ። ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

በቀኙ በር ላይ ሜዳና ረጅም ሣር ሣለች። በሁለቱ መካከለኛ በሮች ላይ፣ ግማሿ እዚህ ግማሿ እዚያ፣ ከመኪና ጎማ የምትበልጥ ጨረቃ አስቀመጠች። ግራው በር ባዶ ሰማይ ነው፤ ገና ምን እንደምታደርገው አልወሰነችም። ጨረቃዋን የሠራችው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በሳሳ ብር ነው። እየለጠፈች ሳለ ሰው በአጠገቧ ሲያልፍ እንኳ "አይተንፍሱ" ትል ነበር። የተለጠፈው ብር አንድ ቀንና ሌሊት መድረቅ አለበት። ከዚያ ሙጫና ሸብ የገባበት ውሃ ይቀባበታል፤ ይህ ከተቀባ በኋላ ዲን አያገኘውም። እስከዚያ ድረስ ግን ወደ ፍልውሃው የሚያዩት የምዕራብ መዝጊያዎች መከፈት የለባቸውም።

ይህንን ለአለቃ ሪዮኤ ነገረችው። ከነገ ወዲያ በአባቱ ቦታ የቤተ መቅደሱ አለቃ ሆኖ የሚሾመው እሱ ነው። ጽሕፈቱ ያማረ ነው፤ "እስከ ነገ እኩለ ቀን አይከፈት" ብሎ ጽፎ መዝጊያው ላይ ለጠፈና የሹመት ልብሱን ሊያመጣ ወደ ከተማ ሄደ።

በማግስቱ በጠዋት የሴቶች ማኅበር ለሹመት በዓሉ ሊያጸዳ መጣ። መሪያቸው እማማ ፉሳ ናቸው፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ የእንግዳ ማረፊያ ቤት አላቸው። ጽዳት በኛ አገር ሥርዓት አለው፤ በመጀመሪያ ሁሉ ይከፈታል፣ ቀጥሎ የተለጠፈ ነገር ሁሉ ይነሣል። የተነሣው የመጀመሪያው ነገር የአለቃ ወረቀት ነበር።

ኋላ "እማማ፣ ጽሑፉን አላነበቡትም?" ብላቸው፣

"መነጽሬን ለጽዳት አላመጣም" አሉኝ። "ደግሞስ በሚጸዳ ቤት ወረቀት የሚለጥፍ ማነው?"

እኔ ሦስት ሰዓት ላይ የበሮቹን መያዣ ቀለበት ልገጥም ደረስኩ። አዳራሹ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰባት ሴቶች ተንበርክከው ወለል ይወለውላሉ፤ እማማ ፉሳ ቆመው ያዝዛሉ። የምዕራብ ነፋስ ሰተት ብሎ ይገባል። የተቀቀለ እንቁላል ሸተተኝ። የዲን ሽታ ከለመድነው ዕድሜያችን ነው፣ ግን በማይሸትበት ቦታ ሲሸት ይታወቃል።

ቶሞዬ ከጓዳ የሻይ ሲኒ ይዛ ወጣች።

"መምህርት" አልኳት፣ "ጨረቃዋ..."

"ምን ሆነች?"

"ደኅና ነች። ትንሽ ቢጫ ነች እንጂ።"

ሲኒው የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሮጣ ከጨረቃዋ ፊት ቆመች። ጨረቃዋ በምዕራብ በኩል ያለው ዳሯ የገለባ ቀለም ይዟል።

"ዝጉ! መዝጊያውን ዝጉ! ባካችሁ ዝጉ!"

ሴቶቹ ጨርቃቸውን ጥለው ሮጡ። እማማ ፉሳ ራሳቸው አንዱን መዝጊያ በትከሻቸው እየገፉ ነበር። ሁለት ተዘጋ፣ ሦስተኛው እየተዘጋ ሳለ ቶሞዬ አፍንጫዋን ከብሩ አንድ ጋት አስጠግታ መረመረች። ከዚያ ቀና ብላ፣

"ቆዩ!" አለች። "ክፈቱ!"

"ልጄ" አሉ እማማ ፉሳ መዝጊያውን እንደታቀፉ፣ "ዝጉ ነው ክፈቱ? ወገቤ የትናንት አይደለም፣ ቶሎ ወስኚልኝ።"

"ክፈቱት! ሁሉንም ክፈቱት!"

"አበደች" አለች አንዷ በሹክሹክታ። እኔም እንደዚያው አስቤ ነበር፤ በር ሠሪ ስለሆንኩ አልተናገርኩም።

ቶሞዬ እጄን ይዛ ወደ ጨረቃዋ ጎተተችኝ። ዓይኗ ይስቃል። "ይዩ! አሥራ ሁለት ዓመት ብርን ቀለም እንዲያወጣ በዲን ዱቄት ስጠብስ ኖሬያለሁ። ሁሌ አንድ ዓይነት ነው የሚሆነው፤ ጭፍን ቢጫ፣ እንደ ተቀባ ቆርቆሮ። ይሄን ግን ነፋሱ ከዳር ነው የጀመረው። መሀሏን ይዩ፣ እንደ ወተት ነጭ ነው። ጨረቃ ከተራራ ስትወጣ ምን ትመስላለች?"

አየሁ። እውነትም ሰው የሠራት አትመስልም።

"ከቢጫ ቀጥሎስ?" አልኩ።

"ወርቅ። ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ ጥቁር።"

"ጥቁሩን እናውቀዋለን።"

"ዳሯ ሐምራዊ ሲነካ፣ መሀሏ ሳይነካ፣ እዚያ ላይ ነው የማስቆማት። ካለፈች አለቀልኝ። ሙጫው!"

ወደ ጓዳ ሮጠች፣ ማሰሮውን ታቅፋ ተመለሰች። ክዳኑን ስትከፍተው ፊቷ ተለወጠ። ሌሊቱ በርዶ ስለነበር የሙጫው ውሃ እንደ አጥንት መረቅ ረግቷል። ገልብጣ ብትይዘው እንኳ አይፈስም።

"እሳት ላይ ልጣደው?" አለች አንዷ ሴት ማሰሮውን ለመቀበል እጇን ዘርግታ።

"አይሆንም! ከፈላ ኃይሉ ይሞታል፣ ብሩን አይዝም። በማይፈላ ሙቅ ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ነው የሚቀልጠው።"

"ስንት ደቂቃ?"

"ውሃውን አሙቄ፣ ልኩን አይቼ... ግማሽ ሰዓት።"

ሁላችንም ዞረን ጨረቃዋን አየን። ግማሽ ሰዓት ያላት አትመስልም። ዳሯ ወርቅ ሆኗል።

"እንቁላል ኩሬው!" አሉ እማማ ፉሳ።

ከቤተ መቅደሱ ደጃፍ ታች እንቁላል የምንቀቅልበት ትንሽ ኩሬ አለች። እንቁላል በመረብ ቅርጫት ይነከራል፤ አስኳሉ ይረጋል፣ ነጩ አይረጋም። "በሕይወቴ አንድ ቀን ፈልታ አታውቅም፣ አንድ ቀንም በርዳ አታውቅም" አሉ። "አንተ ኩዋባታ፣ ምን ትጎለታለህ? ባልዲ!"

ደረጃው አርባ አንድ ነው። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ከሠርጌ ቀን ወዲህ ሮጬ አላውቅም፤ ያን ዕለትም የሮጥኩት ዘግይቼ ነው። ኩሬዋ ውስጥ የፀጉር አስተካካያችን የእንቁላል ቅርጫት ነበር። ለባልዲው ቦታ እንዲሆነኝ አወጣሁትና መልሼ መንከሩን ረሳሁት። ምሳውን ጥሬ እንቁላል እንዳበላሁት እስከ ዛሬ ፀጉሬን በቆረጠኝ ቁጥር ያነሣብኛል፤ መቀሱ በእጁ ስለሆነ አልከራከረውም።

ስመለስ አዳራሹ ገበያ ሆኗል። ሴቶቹ መጥረጊያቸውን እንደያዙ በሰሌኑ ላይ ተደርድረው ይጯጯኻሉ።

"አሁን! ቀልቶ የደረሰ የካኪ ፍሬ መስላለች፣ አሁን ነው የምትለቀመው!"

"ገና ነው! አማቴ ቤት ያለው የመዳብ ድስት ነው የመሰለችው።"

"አማትሽን ከሥዕሉ አውጪያቸው!"

ቶሞዬ ማሰሮውን ባልዲው ውስጥ አስቀምጣ በጣቷ ታማስላለች። የረጋው ነገር ተንሸራተተ፣ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ድንገት ውሃ ሆነ። ጥቂቱን በጥርኝ ሳህን ቀድታ አስያዘችኝ፤ እጅጌዋን በገመድ አሰረች፤ የአራት ጣት ስፋት ያለውን ብሩሿን ነከረች። በአንድ ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚታለፈው። ብሩሹ ከተመለሰ ስሱ ብር ይቀደዳል።

ነክራ ቆመች።

"መምህርት፣ ቀልጧል" አልኩ።

"አያለሁ።"

"ቀይ ሆናለች።"

"አያለሁ።"

"ዳሯ ላይ ሐምራዊ..."

"ኩዋባታ ሳን፣ ሳህኑን ይያዙልኝ። አፍዎንም።"

ያዝኩ። የሚሰማው ከውጭ ሽው የሚለው እንፋሎት ብቻ ነው። ሐምራዊው እንደ ክር ቀጥኖ ዳሯን ከበበ። ከውስጡ ቀይ፣ ከቀዩ ውስጥ ወርቅ፣ መሀሏ ነጭ። "አሁን በይ እንጂ፣ ልቤ ሊቆም ነው" አሉ እማማ ፉሳ፤ በሹክሹክታ ያሉት መስሏቸዋል።

ያኔ እጇ ተነሣ። ከምዕራቡ ዳር ጀምራ ከላይ እስከ ታች ሳበችው፣ ነከረች፣ ከአጠገቡ ደግሞ ሳበችው። ሁለቱ በሮች የሚገናኙበት ጋ ስትደርስ ትንፋሼን ዋጥኩ። ያ ስንጥቅ የእኔ ሥራ ነው፤ የፀጉር ያህል ከተዛነፈ ብሩሹ ይዘላል። አልዘለለም። ይህንን የምጽፈው ለመኩራራት አይደለም፤ ግን አልዘለለም። በአሥራ አራት ስበት ጨረስን። "ጨረስን" የምለው ሳህኑን ስለያዝኩ ነው።

"አሁን ዝጉ!"

መዝጊያው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተዘጋ። መብራቱ ሲበራ ጨረቃዋ ጭቃ መስላ ነበር። ወርቁ የለም፣ ነጩም የለም፤ ሁሉ ግራጫ። አንዷ ሴት በመጥረጊያዋ ላይ ተደፍታ ማልቀስ ጀመረች።

"እርጥብ ስለሆነ ነው" አለች ቶሞዬ። "ሲደርቅ ይመለሳል።" ድምጿ ደኅና ነበር። ብሩሹን ግን ከእጇ አላስቀመጠችም።

ተቀመጥን። ማንም አልጠረገም፣ ማንም ሻይ አላለም። አርባ ደቂቃ ያህል አሥር ጎልማሳና ሽማግሌ ቁጭ ብለን በር ሲደርቅ አየን። በሕይወቴ እንዲህ የሚያስጨንቅ ነገር አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ ከታች በኩል አንድ ቦታ ብልጭ አለ። "ያውና!" ከዚያ ቀዩ ወጣ፣ ወርቁ ቀስ ብሎ ተከተለ፣ መጨረሻ ላይ መሀሏ እንደታጠበ ነጭ ሆኖ ፈካ። ሐምራዊዋ ክር ዳር ላይ አለች። አልሄደችም። ቶሞዬ አፏን በሁለት እጇ ይዛ እንደ ተማሪ ልጅ በሰሌኑ ላይ ዘለለች። እማማ ፉሳም ሊዘሉ ሞክረው እኔን ደገፉ።

በዚህ መሀል አለቃ ሪዮኤ የልብስ ሣጥኑን ታቅፎ ገባ። ጨረቃዋን ረጅም ጊዜ አየ።

"የተነጋገርነው ስለ ነጭ ጨረቃ ነበር" አለ።

"ነጭ ነበረች" አሉ እማማ ፉሳ። "አደገች።"

አለቃ እዚያው ቁጭ አለ። ሣጥኑን ከጭኑ ማውረድ ረስቷል። ዓይኑን ከጨረቃዋ ሳይነቅል፣ "ወረቀቴን ማን አነሣው?" አለ። ሰባቱም ሴቶች በአንድ ጊዜ መወልወል ጀመሩ።

"ይሁን" አለ። "ይሁን። መምህርት፣ ስምሽን ጻፊበት።"

"ገና ነኝ" አለች። እሱን አልነበረም የምታየው። የምታየው ግራውን በር ነው፣ ባዶውን ሰማይ። "ዘጠኝ ስስ የብር ቅጠል ተርፎኛል። ኩዋባታ ሳን፣ ይሄ በር ከሐዲዱ ይወጣል?"

"በር ነው፤ ይወጣል።"

"እማማ፣ ነገ ጠዋት ነፋሱ እንዴት ነው?"

እማማ ፉሳ ወደ ደጅ ወጥተው ተራራውን ገረመሙት። "እዚህ አይደርስም፣ ይዞራል። እዚያው ምንጩ ድረስ ብትሄጂ ግን ነፋስም አያስፈልግሽ።"

"ነገ እኮ ሹመቴ ነው" አለ አለቃ።

"ለዚህ ነው በጠዋት የምንሄደው" አለችው።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኙን ቅጠል በባዶው ሰማይ ላይ ለጠፈች፤ በማግስቱ ፀሐይ ከተራራው ስትወጣ ግራውን በር ለአራት ተሸከምነው። ፊት ለፊት አለቃና እማማ ፉሳ ነበሩ። "ይተዉት" ብንላቸው "የኔ ጥግ ቀላሉ ነው" አሉ። ከኋላ እኔና ከማኅበሩ አንዷ ሴት። የቀሩት ሙጫውን በባልዲ ውስጥ እንዳቀፉ ይከተላሉ። ቶሞዬ ብሩሿን ይዛ ወደ ኋላ እየተራመደች፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ፣ በድንጋዩ መንገድ ላይ እየተደናቀፈች ትመራናለች። ምንጩ ጋ ስንደርስ እንፋሎቱ ዋጠን። ወረቀቱ በጀርባው ነው ወደ እኔ የሚያየው፤ ሥዕሉ የነሱ ነው፣ የኔ እንጨቱ ነው። ምን እየሆነ እንደሆነ የማውቀው በጩኸታቸው ብቻ ነው።

"ያዙት! እንዳታንቀሳቅሱት! ወደ ግራ ትንሽ... እዚያው!"

ከዚያ ከእንፋሎቱ ውስጥ የአለቃው ድምፅ፣ እንደ ሕፃን ቀጥኖ፦

"ቢጫ! መምህርት፣ ቢጫ!"